አሰላ ላይ ቤት ሲሸጥ፦ የዛሬው ብር ወይስ የነገው ዋጋ?

አሰላ ውስጥ በቆርቆሮ አጥሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብሎ ስልክ ቁጥሩን በቀለም የጻፈ ሰው ከሚደውሉለት መካከል ለመኖሪያ የሚፈልግ ይኖራል፣ ደላላ ይኖራል፣ ገዝቶ አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴም አይጠፋም። የነጋዴው አቀራረብ ያጓጓል፤ ብሩ ባንክ ተቀምጧል፣ ደላላ መሃል አይገባም፣ በዚህ ሳምንት እንዋዋል ይላል። ዋጋው ግን ባለቤቱ ካሰበው ይወርዳል።

ሂሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል። 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል ለሚባል ቤት ነጋዴው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ሰጠ እንበል። ባለቤቱ ታግሶ በሙሉ ዋጋው ቢሸጥ፣ በተለመደው 2 በመቶ ለደላላ 60 ሺህ ከፍሎ 440 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ይህን ለማግኘት አራት ወር ቢጠብቅ፣ ትዕግሥቱ በወር 110 ሺህ ብር ተከፈለው ማለት ነው። አሰላ ውስጥ ይህን ያህል ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ስንት ነው?

ነጋዴው ቅናሽ የሚጠይቀው በክፋት ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ይታሰርበታል፣ ገበያውም ሊከዳው ይችላል። በአሜሪካ ዚሎው የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ቤቶችን በቀጥታ መግዛት ጀምሮ ነበር። የቤቶችን የነገ ዋጋ በኮምፒውተር መተንበይ ስላቃተው በ2021 ሥራውን ዘጋ፤ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን አሰናበተ።

እኛ ዘንድ ባለ ጥሬ ገንዘብ ይበልጥ ጉልበት አለው፤ ተፎካካሪው ብድር አያገኝምና። በቤት ብድር ላይ ያተኮረው ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ የጀመረው ገና በ2014 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ ጣሪያው ኋላ ከፍ ቢልም ገደቡ ብድር ፈላጊውን አስጨንቆታል። ስለዚህ አብዛኛው ገዢ የሚመጣው ከቁጠባ፣ ከዕቁብ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ወይም ከምርት ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ ነው። በአርሲ ደጋ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ኮምባይነሩ ስንዴውንና ገብሱን አጭዶ ከጨረሰ በኋላ ገበሬውም የእህል ነጋዴውም እጅ ላይ ብር ይገባል። በሐምሌ ዝናብ የተጠየቀ ዋጋና በጥር የሚጠየቅ ዋጋ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የብሩ ዕድሜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሰኔ ቤቱን ሸጦ ብሩን በቁጠባ ደብተር ያስቀመጠ ሰው፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በሆነበት አገር፣ ያን ክፍተት በወለድ ሊሞላው አይችልም። ያልሸጠው ጎረቤቱ ቢያንስ ቤቱ አለው።

ፈጥኖ ለመሸጥ ዋጋ መቀነስ የሚያዋጣው ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ሕክምና፣ የሚያቃጥል ዕዳ፣ ዋጋው ተቆርጦ የሚጠብቅ ሌላ ቤት በቂ ምክንያት ናቸው። «ብሩን ይዤ አስብበታለሁ» የሚል ሻጭ ግን ቅናሹንም ሰጥቶ የዋጋ ንረቱንም ይሸከማል።

ለማንም ይሸጥ፣ ውሉ ላይ መቸኮል አይገባም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በቁጥር 1885 መሠረት እጥፉን ይመልሳል። ዛሬ የነጋዴውን ቀብድ ተቀብሎ ነገ የተሻለ ገዢ ሲመጣ ሐሳቡን የሚቀይር ሻጭ ይህን ማወቅ አለበት። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ውሉ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ቀሪውን ክፍያ የተከለከለ ሻጭ ማስረጃ ያጣል።

ስለዚህ ቤት ለመሸጥ ያሰቡ የአሰላ፣ የበቆጂም ሆነ የኢተያ ባለቤቶች ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት ቢያንስ ከሦስት ገዢዎች ዋጋ ይስሙ፤ ሙሉ ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር እስኪገባ ድረስም ዋናውን ካርታ ከእጃቸው አያውጡ።