ባሕሩ ሲሸሽ፦ ሞምባሳን ከልጆች ጋር

ሞምባሳ ለደረሰ ኢትዮጵያዊ ሰዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። የኬንያ ጠረፍ ሰዎች በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ጀልባ ነጂው በቋንቋው «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ካለ የእኛው ሦስት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ይዞራል፤ ስለዚህ ቀጠሮው በየትኛው ቋንቋ እንደተያዘ ልብ ማለት ነው።

ልጆች ይዞ ወደዚህች ከተማ የሚወርድ ቤተሰብ ከዚህ ይልቅ ማወቅ የሚያስፈልገው የባሕሩን ሰዓት ነው። የሕንድ ውቅያኖስ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ዛሬ ረፋድ ላይ የጎደለው ውሃ ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይጎድላል ማለት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ እሷና ፀሐይ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡት ልዩነቱ ይሰፋል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። በእነዚህ ቀናት ውሃው የሚሸሸው ረፋድ፣ በ4 እና በ5 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ማታ ሊሆን ሲል ደግሞ ሞልቶ አሸዋውን ያለብሰዋል። ከሳምንት በኋላ ተራው ይገለበጥና ረፋዱ የሙላት ይሆናል።

ይህን ያልጠየቀ ቤተሰብ ቁርሱን በልቶ፣ የዋና ልብሱን ለብሶ፣ ፎጣውን ተሸክሞ ሲወጣ የሚዋኝበት ባሕር የለም። ልጆቹ ያኮርፋሉ። የጠየቀው ግን የዋናውን ሰዓት ለሙላቱ ያቆየዋል፤ ለጉድለቱ ጫማ አድርጎ ይወጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ሞምባሳ ለልጅ ካላት ሁሉ የሚበልጠው ይህ የጉድለት ሰዓት ነው፤ ሆቴሎቹ የሚያስተዋውቁት ግን የመዋኛ ገንዳቸውን ነው።

ከኒያሊና ከባምቡሪ ዳርቻ ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ጠርዝ ጋር ትይዩ የሚሄድ ረጅም የኮራል ግድግዳ አለ። ኃይለኛው ሞገድ እዚያ ላይ ስለሚሰበር ከግድግዳው ወዲህ ያለው ውሃ ጥልቀቱም ጉልበቱም ልከኛ ነው፤ ከደጋ ለመጣና ዋና ለማያውቅ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ሲሸሽ በድንጋዩ ጎድጓዳ ቦታዎች ትናንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ሕፃን በደረቱ ተኝቶ አንዱን ኩሬ ቢመለከት መጀመሪያ ምንም አያይም። ትንሽ ሲቆይ ባዶ የመሰለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ውስጡ ቤት ያጣ ሸርጣን ገብቶበታል። ድንጋይ ሥር ደግሞ አምስት ቀጫጭን ክንዶች ይንቀሳቀሳሉ። ኮከብ ዓሣም ይገኛል፤ ከውሃ አውጥቶ ፎቶ መነሣት ግን ይጎዳዋልና ባለበት ማየት ነው።

አደጋው ምን እንደሆነም መታወቅ አለበት። ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በየስንጥቁ አለ፤ ነጠላ ጫማ አያስጥልም፣ ተረከዝ የሚሸፍን ያስፈልጋል። ቆንጆ ሾጣጣ ቅርፊት ያገኘ ልጅ እንዳያነሣው አስቀድሞ ይነገረው፤ ከእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ሰው የሚገድል መርዝ ያላቸው አሉ። ውሃውም የሚመለሰው ከፊት ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛው ቦታ ዞሮ ከኋላ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ መያዝና እሱ «እንመለስ» ሲል መመለስ ነው።

ወቅቱም የራሱ ጠባይ አለው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ባሕሩን ያረጋጋዋል፤ ውሃውም ይጠራል። ከሚያዝያ በኋላ ግን ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ተራውን ይይዛል። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ክረምት በኩሲ ውስጥ ነው፤ ባሕሩ ይናወጣል፣ የባሕር ሣር ዳርቻው ላይ ይከመራል፣ ታቹ መስታወት በሆነው ጀልባ ወጥቶ ዓሣ ማየትም እንደ ጥር አይጠራም። ደስ የሚለው፣ ሙቀቱ ከመጋቢቱ ይቀንሳል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባሕሩ እምቢ ባለ ቀን መሄጃው ሃለር ፓርክ ነው። ባምቡሪ ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ የሲሚንቶ ፋብሪካ ለዓመታት የኮራሉን ድንጋይ እየቆረጠ ወስዶ ባዶ ጉድጓድ ትቶ ነበር፤ አፈር የለ፣ ጥላ የለ፣ ከሥር ጨዋማ ውሃ። በ1971 ሬኔ ሃለር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የግብርና ባለሙያ ይህን ጉድጓድ እንዲያለማ ተሰጠው። 26 ዓይነት ዛፍ ሞክሮ የጸኑለት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ ዋነኛው እኛ ሸውሸዌ የምንለው ዛፍ ነው። ሸውሸዌው በቀለ፤ የሚረግፈው መርፌ መሳይ ቅጠል ግን አልበሰብስ አለ፤ ያለ ብስባሽ ደግሞ አፈር አይኖርም። ሃለር ቅጠሉን የሚበላ ቀይ እግር ያለው ሺ እግር አምጥቶ ለቀቀ። ሺ እግሮቹ ቅጠሉን እየበሉ የሚጥሉት ኩስ ቀስ በቀስ አፈር ሆነ፤ በአፈሩ ላይ ሌላው ዛፍ መጣ፣ ወፉም ተከተለ። ዛሬ ልጆች እዚያው ጫካ ውስጥ ከፍ ያለ መደብ ላይ ቆመው ቀጭኔ ያበላሉ። የቀጭኔዋ ረጅም ጠቆር ያለ ምላስ መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ እጃቸውን ሰብስበው ከእናታቸው ኋላ ይገባሉ። የመመገቢያው ሰዓት የተወሰነ ስለሆነ በር ላይ መጠየቅ ይበጃል።

ይህ ፓርክ በዓለም የታወቀው በአንድ የጉማሬ ግልገል ነው። በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖሱ ሱናሚ ሲደርስ ማሊንዲ አጠገብ ከመንጋው ተለይቶ ኮራል ላይ የቀረውን ግልገል ሰዎች በመረብ ይዘው አወጡት፤ ከእነሱ በአንዱ ስም ኦወን ተባለ። ሃለር ፓርክ ሲለቀቅ ቀጥታ የሮጠው ምዜ ወደሚባለው ግዙፍ አሮጌ ኤሊ ነው። ኤሊው መጀመሪያ ሸሸው፤ ግልገሉ አልተወውም፤ ሲውል ሲያድር አብረው መብላትና መተኛት ጀመሩ። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሳይለያዩ ኖረዋል፤ በስማቸው የልጆች መጽሐፍም ታትሟል።

ፎርት ጂሰስን በአጭሩ ማየት ይበቃል፤ ልጅ ግንብ ቶሎ ይሰለቸዋል። ፖርቹጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት ይህ ምሽግ፣ ከመድፎቹ ሌላ ለኢትዮጵያዊ ልጅ የሚነገር አንድ ታሪክ አለው። ፖርቹጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ደርሶ ነበር፤ ልጁ ክሪስቶቫው፣ በ1541 ከ400 ነፍጠኞች ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ በማግስቱ ዓመት በአገራችን የሞተው ነው።

ወደ ደቡብ ዲያኒ መውረድ ለፈለገ ሊኮኒ ላይ ጀልባ አለ፤ እግረኛ በነፃ ይሻገራል፤ ትላልቅ መርከቦች ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ ሲገቡም ከቅርብ ይታያሉ። ጠዋትና ማታ ግፊያው ስለሚከብድ ትንንሽ ልጅ የያዘ እኩለ ቀን ላይ ይሂድ። ዲያኒ ላይ ከመንገዱ በላይ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የተዘረጉ የገመድ መሰላሎች ይታያሉ። መኪና እንዳይገጫቸው ጉሬዛዎች የሚሻገሩባቸው ናቸው፤ የኛው ጉሬዛ የቅርብ ዘመድ።

ምግቡ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የካሳቫ ጥብስ በሎሚና በበርበሬ፣ እሸት ኮኮናት ከነውሃው፣ በቀይ ስኳር የተለወሰ የባምባ ፍሬ፤ የመጨረሻው የልጆቹን ምላስና ሸሚዝ ያቀላል፣ አይለቅም።

ከመነሣት በፊት የሚያስፈልገው ግን አይዘለልም። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው፣ ዓመት ለሞላው ሕፃን ጭምር፣ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሞምባሳ ወባ ስላለ መከላከያውን ሐኪም አስቀድሞ ይዘዘው። ኬንያ ከኦገስት 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ በ2020 ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮችና በባሕር ዳርቻዎች አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ እንዳይገባ አድርጋለች። ስለዚህ ቆሎውም ሆነ እርጥቡ የዋና ልብስ በጨርቅ ከረጢት ይሂድ፤ ለልጆቹም የሚሞላ ኮዳ አዲስ አበባ ላይ ይገዛላቸው።