ቤቱ ከበደኝ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ሳምንት ሳይሞላው «ቤቱ ከበደኝ» ካለ ምክር አያጣም። አንዱ ካህን ጠርተህ ጸበል አስረጭ ይለዋል፤ ሌላው ሱረቱል በቀራ ይቀራበት ይለዋል። እናት ከሆነች ደግሞ ማንንም ሳታማክር ዕጣንና ከርቤ፣ ቀበሪቾና ወገርት ቋጥራ ከች ትላለች። ምክሩ ይለያይ እንጂ መነሻው አንድ ነው፦ ከግድግዳውና ከጣሪያው በቀር በቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም መውጣት አለበት። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልስቅም፤ ቤት ከበደኝ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ክርክሩ ያለው የከበደው ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው።

በ1921 እ.ኤ.አ. ዊልያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በሙያው መጽሔት ላይ አንድ ለየት ያለ ታሪክ አወጣ። በ1912 አንድ ቤተሰብ ሰፊና አሮጌ ቤት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ እናትየው ሰው በሌለበት ፎቅ ላይ ኮቴ ትሰማ ጀመር። አባትየው ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ከኋላው ሰው የቆመ ይመስለዋል። ልጆቹ ገረጡ፤ ጤና ራቃቸው። የቤት ውስጥ አትክልቶች ሳይቀሩ ደረቁ። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ «ቤቱ ባለቤት አለው» ተብሎ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ኋላ ግን ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ሲመረመር ተበላሽቶ ተገኘ፤ የእሳቱ ጋዝ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ ክፍሎቹን ይሞላ ነበር። ምድጃው ሲጠገን ኮቴውም ጠፋ።

ጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ አይሸትም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅኑ ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጥንካሬ ይይዘዋል። አንጎል ኦክስጅን ሲያጥረው መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል፤ ሐሳብ ይደበላለቃል። ከዚያ አልፎ ይገድላል። ሰውን ወደ መንፈስ የሚመራው ግን ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ከቦታ ጋር መጣበቁ ነው። ውጭ ሲወጡ ይለቃል፤ ሲመለሱ ይጀምራል። መሥሪያ ቤት ደህና የዋለ ሰው ማታ በሩን ዘግቶ ትንሽ እንደተቀመጠ ራሱ የሚከብደው ከሆነ፣ በቤቱ ላይ ቢፈርድ ምን ይገርማል? ፍርዱ ልክ ነው። የተሳሳተው ተከሳሹ ነው።

ከባዱ ነገር ሁልጊዜ ገዳይ አይሆንም። የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። ዕጣ የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው ፊኒሺንጉ ያላለቀ ቤት ነው። ልስኑን ያስለስናል፤ ጂፕሰሙን ያሠራል፤ ቀለም ያስቀባል፤ የኩሽና ካቢኔት ያስገጥማል፤ ከዚያ አንድ ወር ኪራይ ላለመጨመር ቀለሙ ሳይደርቅ ይገባል። ስለ ሲሚንቶ ሲወራ 28 ቀን የሚባል ቁጥር ይነሳል፤ እሱ የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት ቀን እንጂ እርጥበቱ የሚያልቅበት አይደለም። በግንባታ ሙያ እንደ ግምት የሚያዘው፣ ኮንክሪት በደህና አየር ለመድረቅ ለያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል የሚል ነው። በሐምሌና ነሐሴ ዝናብማ ይብስበታል። ያ ውሃ የሚወጣው ወደ ክፍሉ ነው፤ ቁም ሳጥኑን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ካስቀመጡት ከጀርባው ሻጋታ ይጠብቅዎታል። የኤምዲኤፍ ካቢኔት በበኩሉ ሙጫው ውስጥ ካለው ኬሚካል ፎርማልዴይድ ይለቃል። ይህን ጋዝ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚላቸው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ልቀቱ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል፤ ሙቀትና እርጥበት ግን ያነሳሱታል። ዓይን የሚያቃጥለውና ጉሮሮ የሚከረክረው የ«አዲስ ቤት ሽታ» ከዚህ ውጭ ብዙ ምስጢር የለውም።

ሰው ሳይኖርበት ወራት የቆየ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። መታጠቢያ ቤት ገብተው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ይበሉ። ቱቦው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ታጥፎ ይመለሳል። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ የፍሳሽ መስመሩን ሽታ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ማፍሰሻም እንዲሁ ነው። ቤቱ ካልተኖረበት ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ የሰፈሩ ፍሳሽ በሙሉ ሳሎን ድረስ ይተነፍሳል። ይህን ለማባረር አንድ ጆግ ውሃ በየቀዳዳው ማፍሰስ ይበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን አንድ ፓኬት ሰንደል ይጨርሳል፤ ሽታው በነጋታው ተመልሶ ሲመጣም ይደነግጣል።

አፍንጫ ደግሞ ቶሎ የሚለምድ አካል ነው። አንድን ሽታ ደቂቃዎች ካሸተተ በኋላ መናገሩን ይተዋል። ስለዚህ ስለ ቤቱ እውነቱን የሚሰሙት በሩ በተከፈተበት በመጀመሪያው ቅጽበት ነው፤ ሊከራዩ ሲሄዱ ደላላው ቀድሞ ዕጣን አጢሶ ከጠበቀዎት ያቺን ቅጽበት ወስዶብዎታል ማለት ነው። መስኮት አስከፍተው ውጭ ትንሽ ቆይተው ይመለሱ።

ታዲያ ጭሱ ከንቱ ነው? አይደለም። በአገራችን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ እንዳዩት የጥንጁትና የወይራ ጭስ የወባ ትንኝን ያርቃል። በመተማና በቋራ ቆላ ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሙጫ ውስጥ ኢንሰንሶል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ ነገር በአይጦች ላይ ጭንቀትን እንደቀነሰ አሳይቷል። አይጥ ሰው ባይሆንም አያቶቻችን ያለ ነገር እንዳልወደዱት መገመት ይቻላል። ጭስ ሌላም አገልግሎት አለው፤ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። መስኮቶቹን ከፍተው ማጨሻውን መሐል ወለል ላይ ቢያስቀምጡ፣ ጭሱ ወደ በሩ ከተሳበ ክፍሉ ይተነፍሳል፤ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያ ሥር ከተኛ ግን ያ ክፍል ታፍኗል፤ የልጅ አልጋ አይገባበትም።

ጭስ የማይችለው ነገር ማስወጣት ነው። እርጥበቱን አያደርቅም፤ ፎርማልዴይዱን አይሰበስብም፤ በላያቸው ላይ ደቃቅ ብናኝ ይጨምራል እንጂ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዕጣኑ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ከሰል ነው። «ጭሱ እንዳይወጣ» ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ቤት ሲታጠን፣ ዊልመር ከጻፈለት ቤት የወጣውን ጋዝ በገዛ እጃችን እያስገባን ነው። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀለት በኋላ ችግር የለውም የሚለው ልማድም አያድንም፤ ቀልቶ የሚነደው ፍም የሚታይ ጭስ ሳይኖረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል።

መስኮት የማያወጣው ክብደትም አለ። ባዶ ክፍል ድምፅ የሚውጥ መጋረጃም ፍራሽም ስለሌለው የራስን ኮቴ መልሶ ያሰማል፤ ወና ቤት የሚያስፈራው በከፊል ለዚህ ነው። እንቅልፍም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሰው በአዲስ ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኛ የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ትንሽ ኮሽታ ይቀሰቅሰዋል። ዘመድ ሞቶበት ቤት የለወጠ ወይም ሰው በሞተበት ቤት የገባ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ነገር ይዞ ነው የሚተኛው። እዚህ ላይ የካህኑ ጸሎት፣ የቁርአኑ ድምፅ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማና የሦስት ስኒ ቡና ሥራቸውን ይሠራሉ። ደረጃ ላይ ሰላምታ እንኳን ያልተለዋወጡ ጎረቤቶች አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው «የልጅ ማሳደጊያ፣ የወግ ማያ ያድርግላችሁ» ሲሉ፣ የእድሩ ዳኛ የትኛው ብሎክ እንደሚኖር፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሌሊት የሚያንኳኳው የማን ፓምፕ እንደሆነ እግረ መንገዱን ይታወቃል። ስሙ የታወቀ ኮሽታ እንቅልፍ አይነሳም። ምርቃቱ ምእመኑ ከሚያምንበት ባሻገር ይህንንም ያደርጋል፤ ስለዚህ ይቅር የሚል ሰው ምን ሊተካበት እንዳሰበ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የእኔ ጠብ ከቅደም ተከተሉ ጋር ብቻ ነው። ውሃው በየማፍሰሻው ይፍሰስ፤ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ይራቅ፤ ፊት ለፊት ያሉት መስኮቶች ቀን ቀን ተከፍተው ይዋሉ፤ ጸበሉና ዕጣኑ ከዚያ ይምጡ፤ የቡናው ከሰልም በረንዳ ላይ ይሁን። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ቢያሳጣ ግድ የለም። ጠዋት ግን እናትም ልጆችም ሠራተኛዋም ባንድነት ራሳችንን አመመን ካሉ፣ ካህንም ሼህም ከመጠራታቸው በፊት ሁሉም ሰው ከቤቱ ይውጣ።