የሐረር የእጅ ጽሑፎች ፎቶግራፍና በቀጥታ የሚከፈት ግልባጭ

በሐረር ጁገል ውስጥ በየቤቱ የቆዩ የእጅ ጽሑፎች ይገኛሉ። አንዳንዱ ቁርዓን፥ አንዳንዱ የሕግ ወይም የሰዋስው መጽሐፍ፥ አንዳንዱም በዐረብ ፊደል በጥንታዊው የሐረሪ ቋንቋ የተጻፈ ነው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን ሰብስበው፥ የተቀደደውን እየጠገኑና እየጠረዙ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ማኖራቸው የታወቀ ነው። በየቤተ ሰቡ እጅ የቀረው ግን የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ በፎቶግራፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፎቶግራፉ እንዴት እንደሚነሣ ለመግለጽ አይደለም። ከተነሣና በኮምፒዩተር ከተቀመጠ በኋላ መጠባበቂያው ግልባጭ እንዴት ቢያዝ ከዓመታት በኋላም ሳይቸግር ይከፈታል የሚለውን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በአንድ ክረምት ያየሁት ነው። ከግንቡ ውጭ ባለ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ተመድቤ ሳለሁ፥ የአንድ ቤተ ሰብ 23 መጻሕፍት ፎቶግራፍ ከነዝርዝሩ በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መብራት እየጠፋ እየመጣ በሰነበተበት ሳምንት ዲስኩ ተበላሸ። «ግድ የለም፥ ግልባጭ አለ» ተባለ። ግልባጩም በእርግጥ ነበረ። ነገር ግን በአንድ የንግድ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት፥ በአንድ ሙሉ ቅጂና በየቀኑ በላዩ በተቀጣጠሉ ጭማሪዎች የቆመ ነበር፤ ከጭማሪዎቹ አንዱ ስለ ጎደለ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አልከፈት አለ። ከመጻሕፍቱ ሁለቱ ደግሞ ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ በጣሪያ ፍሳሽ ረጥበው ቀለማቸው ፈሶ ነበር። የቤቱ ሽማግሌ መጥተው፥ «ያባቴ መጽሐፍ በዚህ ሣጥን ውስጥ አለ ትሉኛላችሁ፤ እንግዲያው አንድ ገጽ አሳዩኝ» አሉ። ሊያሳያቸው የቻለ አልነበረም።

ይህ የሽማግሌው ጥያቄ ግልባጭ ሁሉ የሚፈተንበት ጥያቄ ይመስለኛል። እ. ኤ. አ. በ1973 የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም መቀዳት በተጀመረ ጊዜ አንዱ ግልባጭ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ በሚነሶታ በሚገኘው በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጎ፥ አብዛኞቹ የግዕዝ የሆኑ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተቀድተዋል። ያን ፊልም ለማንበብ የሚያስፈልገው ብርሃንና ማጉያ መነጽር ነው። ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ቢዘጋ እንኳ ገጹ ይታያል።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና የራሱ ዲስክ ያለው ሆኖ ይሠራል። ያ ዲስክ ግን ከውጭ ሲታይ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው፤ በቪኤምዌር ቪኤምዲኬ፥ በቨርቹዋልቦክስ ቪዲአይ፥ በማይክሮሶፍት ሃይፐር ቪ ቪኤችዲኤክስ ይባላል። በጁገል ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ግንቡንና በሩን እንጂ በግቢው ውስጥ ያሉትን ክፍሎች እንዳልሆነ፥ እውነተኛውም ኮምፒዩተር በዚህ ፋይል ውስጥ ስንት ሺህ ፎቶግራፍ እንዳለ አያውቅም።

ይህን ትልቅ ፋይል እንዳለ መቅዳት ጥቅም አለው፤ ማሽኑ ቢጠፋ ከነፕሮግራሙ ወዲያው ይነሣል። ጉዳቱ በመጠኑ ይጀምራል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ሳይጨመቅ ሲቀመጥ 72 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 200 ፎቶግራፍ የሚወጣው አንድ መጽሐፍ 14.4 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ዲስክ ደግሞ አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ካለፈ አይቀበልም። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ለብቻው ግን በቀላሉ ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። የዲስኩ ፋይል ራሱ ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ሰቨን ዚፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከላይ የጠቀስኋቸውን ዐይነቶች ይከፍታል፤ በሊኑክስም ጌስትማውንት በሚባለው መሣሪያ ማሽኑን ሳያስነሡ ውስጡን ለንባብ ብቻ መክፈት ይቻላል። የሚያስቸግረው ይህን ፋይል እንደገና ቆራርጦና ጨምቆ በራሱ ዕቃ ውስጥ የሚከትተው፥ ሌላ ማንም እንዳይከፍተው ሆኖ የተሠራው የመጠባበቂያ ፕሮግራም ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ወይም ዋጋው ሲለወጥ ባለቤቱ በሰው እጅ ይወድቃል። ቪኤምዌር እ. ኤ. አ. በ2023 በብሮድኮም ከተገዛ በኋላ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታ የሚያገለግለው ፈቃድ መሸጡ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈልበት መሆኑ፥ እንዲህ ያለው ለውጥ ሩቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ሥራ የምመርጠው ግልባጩን ከማሽኑ ውስጥ ፋይል በፋይል ማውጣት ነው። አርሲንክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ካለፈው ግልባጭ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይቀዳል። ያልተለወጠውን ደግሞ ሃርድ ሊንክ በተባለው መንገድ ለነባሩ ፋይል ሁለተኛ ስም ይሰጠዋል፤ አንድ ሰው በቤትና በትምህርት ቤት በሁለት ስም ቢጠራ ሁለት ሰው እንደማይሆን፥ ፋይሉም ሁለት ቦታ አይዝም። በዚህ አኳኋን የየቀኑ ፎልደር ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የሰኞን የፈለገ የሰኞን ከፍቶ ፎቶግራፉን ያያል። ነገር ግን በሁለት ስም የተጠራው ፋይል አንድ በመሆኑ ሲበላሽ በሁሉም ስም ይበላሻል። ስለዚህ ሌላ ዲስክ ላይ፥ በሌላ ቤት፥ ሁለተኛ ግልባጭ የግድ ነው። ሃርድ ሊንክ በፋት32 ዲስክ ላይ እንደማይሠራም መዘንጋት የለበትም።

የመጻሕፍቱ ዝርዝር በዳታቤዝ ከሆነ ግን ፋይሎቹን እንዲያው መቅዳት አይበቃም። ዳታቤዙ በመጻፍ ላይ ሳለ የተቀዳ ፋይል ግማሹ የቀድሞ፥ ግማሹ የአሁን ሊሆን ይችላልና። አስቀድሞ ዝርዝሩን ወደ ተራ ጽሑፍ አውጥቶ ከፎቶግራፎቹ ጎን ማስቀመጥ ይሻላል። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለው፤ የማን መጽሐፍ፥ ስንተኛው ገጽ እንደሆነ ያልታወቀ ፎቶግራፍ ለተመራማሪ ብዙ አይረዳምና።

በቀጥታ የሚከፈት ግልባጭ ለሌባም በቀጥታ የሚከፈት ነው። መጻሕፍቱ የቤተ ሰብ ንብረት እንደ መሆናቸው ባለቤቶቹ ሁሉ እንዲታዩባቸው ላይፈልጉ ይችላሉ። በምስጢር ቁልፍ መዝጋት ይቻላል፤ ቁልፉ ከጠፋ ግን ወደ መጀመሪያው ሣጥን ተመለስን ማለት ነው። ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ባለቤቱ ቤት በሣጥን መቈለፍ ለእኔ የተሻለ መስሎኛል፤ በቫይረስ ከመወረርም ያድነዋል።

ከዚያ ክረምት ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ በየወሩ አንድ ገጽ በዕጣ እየተመረጠ፥ የማሽኑ ሶፍትዌር ባልተጫነበት ተራ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል። ከረጠቡት ሁለት መጻሕፍት የአንደኛው ፎቶግራፍ በመጨረሻ ፎቶግራፉን ባነሣው ልጅ ፍላሽ ዲስክ ላይ፥ በተራ ፎልደር ውስጥ ተገኘ። ሽማግሌው ገጹን በስልካቸው ካዩ በኋላ በኅዳጉ ያለው ጽሑፍ ያባታቸው እጅ መሆኑን ነገሩን። የሁለተኛው አልተገኘም።