ያውቁ ኖሯል? በቢቸናና በሞጣ የመኪናዎ ውሃ ቶሎ ይፈላል
ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ስለዚህ ጎማው ያረጀ ክዳን በደጋ አገር እንደ ቀላል ጉድለት መታየት የለበትም።

ደህና ይሄድ የነበረ መኪና ግቢ ውስጥ ኩላንቱ ከተቀየረለት በኋላ ቢሞቅ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውስጥ የታሰረ አየር ነው። ጌጁ ድንገት ወጥቶ ይወርዳል፤ ሞተሩ ግሎ ሳለ የካቢኑ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ይክፈቱ፤ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙረው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው በሚኒሞ ያስነሱት፤ አረፋው እስኪቆም እየሞሉ ይጠብቁ። ክዳኑ ክፍት ሳለ ለመፍላት የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ነዳጅ አይስጡ፣ ዓይንዎም ከጌጁ አይራቅ።

አሁንም ከሞቀ ቴርሞስታቱ ተገልብጦ ተገጥሞ፣ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። አረፋው ጨርሶ ካልቆመ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለሚጠረጠር ወደ መካኒክ ይውሰዱት። ይህ ሳይጣራ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ አይውረዱ፤ መመለሻው ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ዳገት ነው። በመንገድ ላይ ቢግልብዎም የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል።