ቀረጡ ዜሮ፣ ወረቀቱ ብዙ

እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ባዮች በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ ይሄዳል የሚል ጽሑፍ በቀይ አውቶቡስ ላይ ለጥፈው ከከተማ ከተማ አዞሩ። ለብሪታንያ የሚደረገው ቅናሽ ከሒሳቡ ስላልተነሣ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቆጣጣሪ ቁጥሩን አሳሳች ብሎታል። ትቆይ ባዮች በበኩላቸው መውጣት በረጅም ጊዜ እያንዳንዱን ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ያሳጣል የሚለውን የግምጃ ቤቱን ግምት ይዘው ተከራከሩ።

ጁን 23 ቀን 51.9 በመቶው መራጭ «እንውጣ» አለ። የምንዛሪ ገበያው እስኪነጋ አልጠበቀም። 1.50 ዶላር ደርሶ የነበረው ፓውንድ በዚያው ሌሊት ከ1.33 በታች ወረደ፤ ከ1985 ወዲህ ያልታየ ዋጋ ነበር።

ነጋዴው ግን ሒሳቡን በእጁ የያዘው ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ነው። በውሉ መሠረት መስፈርቱን ያሟላ ዕቃ ቀረጥ አይከፈልበትም። ይሁንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ዕቃው የተሠራበት አገር ማስረጃ፣ ለሥጋና ለዓሣ ደግሞ የጤና ሰርተፊኬት መጣ። ትልቁ ላኪ ትራንዚተር ቀጥሮ ይወጣዋል፤ ጥቂት ካርቶን የሚልከው ግን ወጪው ትርፉን ሊበላበት ይችላል።

በክርክሩ ወቅት ሁሉም የቆጠረው ገንዘብ ነበር። ውል የሚፈርም ነጋዴ ከቀረጡ ቀጥሎ ወረቀቱንም ይቁጠር።