«አትንኩ!» የማይባልበት ሐውልት

ሐውልት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አደባባይ ላይ የቆመ፣ አንጋጠን የምናየው ነገር ነው። በ1923 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ክብሩ እንዳለ ሆኖ፣ የሕዝቡ ድርሻ ማየት ብቻ ነው። ታዲያ የአካባቢው ሰው ራሱ የሚሠራው፣ ልጆች የሚዳስሱት ቅርጽ የለም ወይ? አለ እንጂ!

አዲስ አበባ መካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም እንውሰድ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ከባለሙያዎች ጋር ሆነው በጭቃና በጭድ አቁመውታል። ግድግዳው ራሱ በእጅ የተቀረጸ ነው። በግቢውም የሕፃናት ትምህርት ቤት ተቋቁሟል። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር፣ ሰው ያቦካውንና የመረገውን ነገር እንደ ራሱ ቤት የሚያየው መሆኑን ነው። ጭቃ ደግሞ በየጊዜው መጠገን ይፈልጋል፤ ጥገናው ሕዝቡን መልሶ ይሰበስበዋል።

ወደ ፎገራችን እንምጣ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ምን እንደሚሆን ለወረታ ሰው አይነገርም። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት የውኃ ምልክት የሚሆን ዓምድ ከወላጆች ጋር ቢሠራስ? ሽማግሌዎች ውኃው የደረሰበትን ከፍታ ያሳያሉ፣ ተማሪዎች ይለካሉ፣ በየዓመቱም አዲሱን ምልክት ይጨምራሉ። ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም እዚያው ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጭቃ ውኃ ስለማይችል ታችኛው ክፍል፣ ምልክቱ የሚቀረጽበት፣ ድንጋይ መሆን አለበት። የላዩ በእንጨት ተዋቅሮ በጭቃ ይመረጋል፤ ዝናብ እንዳይበላው ክዳን ይደረግለታል። የሜዳው ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ጭድ በብዛት ይፈልጋል። በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ቆይቶ ሲቦካ እንደገና ይረገጣል። ጊዜው ዝናብ ካቆመና ሩዝ ከታጨደ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሩዙ ገለባ የከብት መኖ ስለሆነ ግን ገበሬውን ሳናማክር አንነካውም። ምክክሩ ራሱ የሥራው መጀመሪያ ነው።

እንግዲህ ሠልጣኞች ሆይ፣ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት የመርጃ መሣሪያ ባይኖረው አይግረመን። ጭቃው፣ ድንጋዩና የሽማግሌው ትዝታ ግን አይጠፋም። ዓምዱ ሲያልቅም «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ አንለጥፍበትም፤ የተሠራው ሊነካ ነውና!