እውነት ወይስ ተረት? ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ እና መጸዳጃ

ተረት፦ «ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን ከዳይፐር አይወጣም።»

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን 601 ልጆችና ወጣቶች አይቷል። በ6 ዓመታቸው፣ ሁለቱም እጆቻቸውና እግሮቻቸው ከተጎዱት 54 በመቶው፣ ጉዳቱ በአንድ ጎናቸው ወይም በይበልጥ በእግሮቻቸው ላይ ከሆነው ደግሞ 80 በመቶው ሽንታቸውን መቆጣጠር ችለው ነበር። የሚዘገዩ አሉ፤ የማይሆንላቸውም አሉ። ግን ፖፖ ላይ ሳያስቀምጡ «አይችልም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ተረት፦ «ቀጭን ነገር ካመለጠው ተቅማጥ ይዞታል።»

ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ለቀናት ሰገራ ሳይወጣለት ቆይቶ ድንገት ዳይፐሩ በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ቀጭን፣ የሚሸት ነገር ይገኝበታል። እናትየው ሆዱን ስትዳስስ ከእምብርቱ በታች በግራ በኩል ጠጣር ነገር እጇ ላይ ይመጣል። ይህ ድርቀት ነው። የደረቀው ሰገራ አንጀቱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ በጎን በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። የተቅማጥ ማቆሚያ ከተሰጠው ይብስበታል።

የድርቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፦ አይንቀሳቀስም፣ መዋጥ ስለሚያስቸግረው ውሃ አይበቃውም፣ ምግቡ አጥሚትና ወተት ብቻ ይሆናል፣ ለለሃጭ የሚሰጠው መድኃኒትም ያደርቃል። የተጠራቀመው ሰገራ ፊኛውን ስለሚጫን ሽንቱም ያመልጠዋል። ስለዚህ ሽንቱ ከመታከሙ በፊት ድርቀቱ ይታከም።

ተረት፦ «ውሃ ቢቀንስ ሽንት አያመልጠውም።»

የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ድርቀቱንም ያባብሳል። ውሃ አይቀነስም።

ተረት፦ «የቤት መድኃኒት አይጎዳም።»

ተልባ ውሃ ካልበዛለት ራሱ ያደርቃል። ፓራፊን ዘይት ትን ለሚለው ልጅ በአፍ አይሰጥም፤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሳሙና ውሃ በመቀመጫው ማስገባትም አንጀቱን ሊያቆስል ይችላል። እንደ ላክቱሎስ ያሉ ማለስለሻዎች አሉ፤ መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን።

ቤት ውስጥ የሚጠቅመው አቀማመጡ ነው። ምግብ እንደበላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፖፖ ላይ ይቀመጥ፤ ጀርባው ድጋፍ ይኑረው፤ እግሩ ሥር በርጩማ ይግባለት። እግሩ እየተንጠለጠለ ማማጥ አይሆንለትም።

ሆዱ ተነፍቶ ካስመለሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ሲሸና እያለቀሰ ካተኮሰው፣ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።